ፉቲ ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ግፊያ ከየት መጣ?

[ምስል፦ የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ከላይ ሲታይ]

ይህ እግር ኳስ አይደለም፤ ራግቢም አይደለም። የአውስትራሊያ ፉትቦል ነው። እነሱ ፉቲ ይሉታል። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ኳሷም ሞላላ ናት። በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሷ በመሃለኞቹ ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትታ ከገባች 6 ነጥብ፣ ስታ በመሃለኛውና በዳሩ ቋሚ መካከል ካለፈች 1 ነጥብ። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ ከእሷ ነው የሚመጣው።

ኦፍሳይድ ከሌለ ማንም የትም መቆም ይችላል። ግን ለረጅም ጊዜ ማንም ይህን አልተጠቀመበትም። አጥቂና ተከላካይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፣ ኳሷ በረጅሙ ትለጋለች፣ ሁለቱ ይዘላሉ። የቀለባት ወሰደ።

[ምስል፦ የ1970 ፍጻሜ፣ ጥቁርና ነጭ]

ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የ1970ን የሊጉን ፍጻሜ 121,696 ሰው ገብቶ አይቷል። ካርልተን የተባለው ክለብ በሌላው ክለብ በኮሊንግዉድ በ44 ነጥብ ተመርቶ እረፍት ወጣ። አሰልጣኙ ሮን ባራሲ ልጆቹን በእጅ እየተቀባበላችሁ ሩጡ አላቸው። በፉቲ ኳስ መወርወር ክልክል ነው፤ በአንድ እጅ ይዘህ በሌላው በቡጢ ትመታታለህ። ተቀይሮ የገባው ቴድ ሆፕኪንስ 4 ጎል አስቆጠረ። ካርልተን በ10 ነጥብ አሸነፈ። ዘመናዊው ፉቲ የተወለደው ያን ቀን ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንኳ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል፤ የጊሎንግ ክለብ ተጫዋች የነበረው ፖሊ ፋርመር ከዚያ በፊትም በእጅ በማቀበል የታወቀ ነበር።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ 1978 ላይ ጸጥ ብሎ የገባው ነው። ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ተፈቀደ። አሰልጣኞች ቀስ በቀስ ነቁ። የደከመውን ታስወጣለህ፣ ትንፋሹን ሲሰበስብ ትመልሰዋለህ። ኋላ ላይ የአንድ ቡድን ቅያሪ በአንድ ጨዋታ ከ100 አለፈ። እግሩ ያልዛለ ሰው ደግሞ አጥቅቶ ሲያበቃ ለመከላከልም ሮጦ ይደርሳል።

[ምስል፦ የሜዳው ንድፍ፤ ነጥቦቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎል ሲሰበሰቡ]

በ2000 ኤሰንደን የተባለው ክለብ 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ መጣ። የዌስተርን ቡልዶግስ አሰልጣኝ ቴሪ ዋላስ ተጫዋቾቹን ወደ ኋላ ሰብስቦ ጎሉን በሰው አጠረው። ኤሰንደን በዚያ ዓመት የተሸነፈው ያን ቀን ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ቡልዶግስ የፉትስክሬይ ክለብ ነው፤ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት የከፈቱበት የሜልበርን ሰፈር።

እነ ኮሊንግዉድ ደግሞ በ2010 አጥሩን ወደ ፊት ገፉት፤ ተጋጣሚ ከራሱ ሜዳ መውጫ አጣ።

ሕግ አውጪዎቹም ዝም አላሉም። ቅያሪውን በ2014 በ120 ገደቡት፣ በ2016 ወደ 90፣ በ2021 ወደ 75 አወረዱት። ከ2019 ጀምሮ ጨዋታው ከመሃል ሲጀመር እያንዳንዱ ቡድን ከኋላ 6፣ ከመሃል 6፣ ከፊት 6 ሰው ማቆም አለበት። ኳሷ ከተነሳች በኋላ ግን ሁሉም የፈለገበት ይሮጣል።

በአንድ የውድድር ዓመት 100 ጎል የሞላው የመጨረሻው ሰው አጥቂው ላንስ ፍራንክሊን ነው፤ በ2008። ከዚያ ወዲህ የደረሰበት የለም። ሦስት ተከላካይ ከፊቱ ተደርድሮ ማን ይድረስበት?