መጀመሪያ ማይክሮፋራዱን አትጠይቁኝ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለማሽን ኃይል ስለሚያቀርበው ክፍል፣ በጠቅላላው እንድናገር ጋብዘውኛል። አመሰግናለሁ። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ ይዤው የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ እሱን ሳልናገር አልወርድም። እባካችሁ፣ ማይክሮፋራድ ማምለክ እናቁም! የካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያከማቸው ዕቃ፣ መጠን መለኪያ እንጂ ጣዖት አይደለም።

ባለፈው ስብሰባችን ላይ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሲያጉረመርም የነበረውን አምፕሊፋየር ታስታውሳላችሁ። ሙዚቃ የለ፣ ምን የለ፣ ሁምምም ብቻ! ክዳኑ ሳይከፈት «ካፓሲተር ጨምርበት» ያልነው ስንቶቻችን ነን? ባለቤቱ ምን ያድርግ፣ ምክራችንን ሰማ። 10,000 ማይክሮፋራድ የነበረውን 40,000 አደረሰው። ጉርምርምታው ባሰበት። ቀጥሎ ማብሪያውን በተጫነ ቁጥር ፊውዝ መበጠስ ጀመረ። ተለቅ ያለ ፊውዝ ሲያስገባ ደግሞ ተለዋዋጩን ከረንት (ኤሲ) ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞረው የዳዮዱ ብሪጅ ተቃጠለ።

በመጨረሻ እኔ ጋ መጣ። ብሪጁን ቀይሬ ውስጡን ሳይ አንዲት ቀጭን ጥቁር ሽቦ አገኘሁ። የኢንፑቱ፣ ማለትም የድምፅ መግቢያው፣ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መነሻ) ናት። የተበየደችው ከብሪጁ ኔጌቲቭ ወደ ካፓሲተሩ ኔጌቲቭ በሚሄደው ሽቦ መሃል ላይ ነው። በዚያ ሽቦ ካፓሲተሩን የሚሞላው ከረንት በሰከንድ 100 ጊዜ እየተወረወረ ያልፋል፤ ሽቦው ላይ የሚፈጥረው ትንሽ ቮልቴጅ በኢንፑቱ ገብቶ ጉርምርምታ ይሆናል። ካፓሲተሩ ሲተልቅ ደግሞ የሚሞላበት ቅጽበት ያጥራል፣ የከረንቱ ጫፍ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው የባሰበት! ሽቦዋን ነቅዬ ከካፓሲተሩ ወዲህ፣ በአምፕሊፋየሩ በኩል ካለው ግራውንድ ጋር በየድኳት። ጸጥ አለ። ካፓሲተሩንም ወደ 10,000 መለስኩት፤ አሁንም ጸጥ!

ስሌቱ እኮ የአንድ መስመር ነው። መብራቱ 50 ኸርዝ፣ የሚሳበው 2 አምፒር፣ ካፓሲተሩ 10,000 ማይክሮፋራድ ከሆነ ሪፕሉ፣ ማለትም የቮልቴጁ መዋዠቅ፣ ቢበዛ 2 ቮልት ገደማ ነው። ካፓሲተሩን እጥፍ ብታደርጉት 1 ቮልት። በደንብ የተሠራ ፓወር አምፕ ደግሞ አብዛኛውን ራሱ ያጠፋዋል። ታዲያ ሩጫው ወዴት ነው?

ማንም የማይጠይቀውን ልጠይቅ። የካፓሲተሩ የሪፕል ከረንት አቅም፣ ማለትም እየሞላና እየጎደለ ሲሠራ የሚችለው ከረንት፣ ስንት ነው? ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው። ያ ከረንት በካፓሲተሩ የውስጥ ሬዚስታንስ ሲያልፍ ያሞቀዋል፤ ሙቀቱ ኤሌክትሮላይቱን፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ፈሳሽ፣ ያደርቀዋል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግርድፉ እጥፍ ይሆናል። 105 ዲግሪ የሚችል እያለ፣ 85 የተጻፈበትን ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) ሥር የምትለጥፉ ሰዎች፣ ከደንበኛችሁ ጋር ምን አጣላችሁ?

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ቮልቴጁን ቶሎ ልበል። 35 ቮልት ኤሲ በብሪጅ አልፎ ካፓሲተሩ ላይ ሲደርስ 49 ቮልት አካባቢ ነው። ጭነት ሳይኖር ወይም መብራቱ ሲጨምር ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ 50 ቮልት የሚችል ካፓሲተር አይሆንም፤ 63 አድርጉ። ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ቻርጁን የሚያፈስ ብሊደር ሬዚስተር ይኑር፤ አለበለዚያ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ቻርጁ አይለቅም።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። «ስንት ማይክሮፋራድ ልግዛ?» የሚል ካለ ግን፣ መጀመሪያ ስንት አምፒር እንደሚስብ ይንገረኝ።