የጌም ተጫዋች ዓይን፦ ከድሬዳዋ የመጡ የአድማጮች ጥያቄዎች

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከገንደ ቆሬ)፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቀጥታ ጌም ቤት ነው። መርፌ ሲወድቅብኝ ከምንጣፉ ላይ ወዲያው ያገኝልኛል። መጽሐፍ ይዞ ግን አስር ደቂቃ አይቀመጥም። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ በደንብ አይተውታል። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የተኩስ ጌም ላይ ጠላት ከየጥጉ ብቅ ይላል። ልጁ መሃሉን እያየ ዳር ዳሩንም ይጠብቃል። በ2003 እንደ ፈረንጆቹ፣ ግሪንና ባቬሊየር የተባሉ ተመራማሪዎች ጌም የማይጫወቱ ሰዎችን በቀን 1 ሰዓት ለ10 ቀን አጫወቱ። አንዱ ቡድን የተኩስ ጌም፣ ሌላው ቴትሪስ የሚባለው የቅርጽ መደርደር ጌም ደረሰው። በዓይን ትኩረት ፈተና ይበልጥ የተሻሻለው የተኩሱ ቡድን ነው። ቴትሪስም ይፈጥናል፤ ግን ዓይን የሚከተለው አንድ የሚወርድ ቅርጽ ብቻ ነው። በኋላ ከተሠሩት ሙከራዎች አንዳንዶቹ ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ ነገሩን አናጋንነው።

መጽሐፍ ላይ ደግሞ ብቅ የሚል ነገር የለም። ልጁ ራሱ ሐሳቡን ይዞ መቆየት አለበት። ጌም ይህን አያስለምደውም። ጨርሰው አይከልክሉት፤ ጥናቱ ይቅደም፣ መጀመሪያ አብረውት ይቀመጡ።

ጥያቄ (የባጃጅ ሹፌር፣ ከሳቢያን)፦ ማታ ማታ በስልኬ የተኩስ ጌም እጫወታለሁ። መንገድ ላይ ይረዳኛል?

መልስ፦ በእሱ እንዳትተማመን ወንድሜ። ስክሪን ላይ መፍጠን ሌላ፣ ከዚራ ሰፈር ከዛፍ ጀርባ ሮጦ የሚወጣ ሕፃን ሌላ። እንቅልፍ አጥተህ ካደርክ ጠዋት ፍሬን የምትይዘው ዘግይተህ ነው። እባክህ ተኛ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከመጋላ)፦ ጓደኛዬ ለማሸነፍ ነው የሚጫወተው። እኔ ካርታውን መዞር ነው የምወደው። የኔ ዓይን ይሰንፋል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም አቦ! የጌም ተመራማሪው ሪቻርድ ባርትል በ1996 እንደ ፈረንጆቹ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏል፦ ነጥብ ሰብሳቢ፣ አሳሽ፣ ከሰው ጋር ለመጨዋወት የሚገባና ሌላውን መጣል የሚወድ። አንተ አሳሽ ነህ። ክፍፍሉ ግን የሚናገረው ስለ ፍላጎት እንጂ ስለ ዓይን አይደለም። ዓይንን የሚያሠራው ጌሙ የሚጠይቀው ነገር ነው፦ ፍጥነቱ፣ ከዳር የሚመጣው ድንገተኛ ነገር። ሆኖም የምትወደው ነገር የምታየውን ይመርጥልሃል። ከጓደኛህ ጋር አንድ ዙር ተጫወቱና ስክሪኑን ሸፍኑት። ግድግዳው ላይ ምን ነበር ብለህ ጠይቀው። እሱ ደግሞ ስንት ጥይት ቀርቶህ እንደነበር ይጠይቅህ።