መልእክቱ ሁለቴ ይመጣል

ጤና ይስጥልኝ። ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁን አውቃችኋለሁ። አብረን ሎግ (ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን) ስናነብ ያደርን ሰዎች እዚህ አለን፤ ስለዚህ መግቢያ አላበዛም።

የተሰጠኝ ርዕስ በመልእክት የሚቀሰቀሱ ሰርቨርለስ ፈንክሽኖችን ዲፕሎይ ስለማድረግ ነው፤ ሰርቨሩን ክላውዱ የሚያስተዳድርላቸውን ትንንሽ ኮዶች ክላውድ ላይ አውጥቶ ማሠራት ማለት ነው። እሱን በአጭሩ ልጨርሰው። መልእክት የሚላክበት ቶፒክ ወይም የመልእክት ወረፋ ትፈጥራላችሁ። ፈንክሽን ትጽፋላችሁ። ዲፕሎይ ስታደርጉ ከየት መልእክት እንደሚቀበል ትነግሩታላችሁ። ጉግል ላይ ይሄ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። የአማዞን ክላውድ ኤደብሊውኤስ ላይ ወረፋውን ፈንክሽን ከሚያሠራው ከላምዳው ጋር የሚያገናኝ አንድ ማያያዣ ትጨምራላችሁ። መልእክት ሲመጣ ፈንክሽኑ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይተኛል። የጉግል የመልእክት አገልግሎት ፐብሰብ ከሆነ ዳታው በቤዝ64 (ዳታን በፊደልና ቁጥር በሚጽፍ አሠራር) ተጠቅልሎ ስለሚመጣ መፍታት አትርሱ። አለቀ።

ይሄን ብቻ ለመስማት የመጣችሁ ካላችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ አልቀየምም። እኔን እዚህ ያመጣኝ ግን ከዲፕሎይ በኋላ ያለው ነው። መልእክቱ ሁለቴ ሲመጣስ?

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ድርጅት ችግር ገጥሞናል ብሎ አስጠራን። ስሙ ይቅር። በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጥ ነው። ደንበኞቹ ለአንድ ዕቃ ሁለቴ ተቆረጠብን እያሉ ስልኩን አጨናንቀውታል። ሦስቴ የተቆረጠበትም አለ። የሚገርመው ነገሩ መላ የለውም። ትልቅ ትእዛዝም ይመታል፣ ትንሽም ይመታል። ጠዋትም ማታም። አንዱ ደንበኛ ይጮኻል፣ ከሱ ቀጥሎ የገዛው ሰላም ነው።

ስብሰባ ገባን። የጉድ ስብሰባ ነበር። አንዱ ኃላፊ ጥፋቱ የክላውዱ ነው ብሎ የአቤቱታ ደብዳቤ አርቅቆ መጥቷል። ሌላው የለም፣ ባንኩ ነው ይላል። ሦስተኛው ሰርጎ ገብ ገብቶብናል፣ ፓስወርድ በሙሉ ይቀየር አለ። ፓስወርድ ተቀየረ። ደንበኞች መጮኻቸውን ቀጠሉ። አንዲት ወጣት ፕሮግራመር ጥግ ላይ ተቀምጣ ሎግ ታነባለች። ማንም ምንም አልጠየቃትም። ሁሉም ተናግሮ ሲደክመው ቀና አለችና፣ «ሁለቴ የተቆረጠባቸው ሰዎች አጠገብ ሁሌ የሚታይ አንድ መልእክት አለ» አለች።

አየነው። አድራሻው ባዶ የሆነ ትእዛዝ ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ላምዳ የኤደብሊውኤስ የመልእክት ወረፋ ከሆነው ከኤስኪውኤስ መልእክት የሚቀበለው የግድ አንድ በአንድ አይደለም። ካልነካችሁት እስከ 10 ድረስ በአንዴ ይወስዳል። የእነሱ ኮድ አሥሩን በተራ ይዞ አድራሻ ያነባል፣ ከካርድ ይቆርጣል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሰባተኛው ላይ ያ ባዶ አድራሻ ተቀምጧል እንበል። ስድስቱ ተቆርጦባቸዋል። ሰባተኛው ላይ ኮዱ ይወድቃል። ፈንክሽኑ ኤረር ከመለሰ ደግሞ ኤስኪውኤስ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ አሥሩም አልተሠሩም። አሥሩም ወረፋው ውስጥ እንደገና ይታያሉ። እንደገና ይመጣሉ። ስድስቱ እንደገና ይቆረጥባቸዋል።

ደህናዎቹ ቀስ በቀስ ከሌሎች ጋር ተቀላቅለው ይገላገላሉ። ያ ባዶ አድራሻ ያለው ግን በተመለሰ ቁጥር አዲስ ጎረቤት ያገኛል። ለዚህ ነው ነገሩ መላ የሌለው የመሰለው። የወደቁ መልእክቶች የሚቀመጡበት ዴድ ሌተር የሚባለው ወረፋም አልነበራቸውም። ኤስኪውኤስ ካልነገራችሁት አንድን መልእክት የሚይዘው 4 ቀን ነው። ያ አንድ መልእክት 4 ቀን ሙሉ እየዞረ ጎረቤቶቹን ሲያስቆርጥ ከረመ። አድራሻው ባዶ ስለሆነ ለሱ አንዴም አልተቆረጠም። ስለዚህ አልጮኸም። ያልጮኸውን ደግሞ ማን ይፈልገዋል?

ላምዳ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከአሥሩ የወደቀውን ብቻ ለይቶ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል። አንድ ሴቲንግና ጥቂት መስመር ኮድ ነው። እሱን አበራንላቸው። ጩኸቱ በረደ። ኃላፊዎቹ ደስ አላቸው፣ «ጨረስን ማለት ነው?» አሉ።

አልጨረስንም! ኮዱ አሁንም እያንዳንዱ መልእክት አንዴ ብቻ ይመጣል ብሎ ያምናል። ማን እንደነገረው አላውቅም። ኤስኪውኤስ አልነገረውም፤ ተራው ወረፋ ቢያንስ አንዴ አደርሳለሁ ነው የሚለው። ፐብሰብም ካልቀየራችሁት ቢያንስ አንዴ ነው የሚለው። «ቢያንስ» የምትለዋን ሁላችንም አንብበናታል። አንብበን ዘለልናት።

ይሄ ደግሞ የአንድ ኩባንያ ስንፍና አይደለም። ሁለት የጦር አዛዦች ተራራ ለተራራ ሆነው በመልእክተኛ ይነጋገራሉ የሚባለውን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ። ጽንሰ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1975 ታተመ፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጂም ግሬይ በ1978 ስም ሰጠው። መልእክተኛው መንገድ ላይ ሊያዝ ይችላል። ደረሰኝ የሚለውን መልስ የያዘውም ሊያዝ ይችላል። መልስ ያልደረሰው አዛዥ ሁለት ምርጫ አለው፦ ወይ ደግሞ ይልካል፣ ወይ ይደርሳል ብሎ ይተወዋል። ወረፋው ያለው ምርጫ ይኸው ነው። ፈንክሽናችሁ ሠርቶ ጨርሶ ጨረስኩ ሳይል ከሞተ፣ ወረፋው በምን ይወቅ? ደግሞ ይልካል። ባይልክ ነበር የምትጮኹት።

እዚህ ላይ ሁሌ አንድ ሰው እጁን ያነሣል። «በትክክል አንዴ የሚያደርስ አለ እኮ!» አዎ አለ። ቅደም ተከተል የሚጠብቀው የኤስኪውኤስ ፊፎ ወረፋ ድግግሞሽ ያጣራል፤ ላኪው ሁለቴ ቢልክ የሚያጣራው ግን በ5 ደቂቃ ውስጥ የመጣውን ነው። ፐብሰብም አለው፤ ግን ተቀባዩ ራሱ ሄዶ በሚጎትትበት አሠራር ብቻ ነው፣ ወደ ፈንክሽን በሚገፋው ላይ አይደለም። ሁሉንም አሟላችሁ እንበል። ፈንክሽናችሁ ከካርድ ቆርጦ፣ ዳታቤዝ ላይ ሳይጽፍ፣ መሐል ላይ ታይምአውት ቢያደርግ፣ የተፈቀደለት ጊዜ አልቆ ቢቋረጥስ? አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ችግሩ ከወረፋው ወጥቶ እናንተ ኮድ ውስጥ ተቀመጠ።

ስለዚህ ሁለቴ መምጣቱን ኮዱ ይቻለው። የትእዛዙን ቁጥር ውሰዱ። የመልእክቱን አይዲ አላልኩም፤ ላኪው ራሱ ሁለቴ ከላከ አይዲው ይለያያል፣ የትእዛዙ ቁጥር ግን ያው ነው። ያንን ቁጥር ድግግሞሽ የማይቀበል ሠንጠረዥ ላይ ጻፉት፣ «ጀምሬያለሁ» ብላችሁ። ሥራው ሲያልቅ «ጨርሻለሁ» በሉት። ሁለተኛው ሲመጣ «ጨርሻለሁ» ካየ ዝም ብሎ ይመለስ። «ጀምሬያለሁ» ብቻ ካየ የመጀመሪያው ወይ እየሠራ ነው ወይ መሐል ላይ ሞቷል፤ ያንን የሚያጣራ ኮድ ጻፉ። አስቸጋሪው እዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። የክፍያ አገናኙም ቁልፍ ተቀብሎ ድግግሞሽ የሚያስቀር ከሆነ፣ እንደ ስትራይፕ ማለት ነው፣ ያንኑ ቁጥር ስጡት። ያኔ «ጀምሬያለሁ» ላይ የሞተውን ደግማችሁ ብትልኩትም ቁልፉ እስካላረጀ ድረስ ሁለቴ አይቆረጥም።

ይሄ ሁሉ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። የጥቂት ሰዓት! ታዲያ ለምን አንሠራውም? እኔ ልንገራችሁ። እዚህ መድረክ ላይ በየዓመቱ ዴሞ እናያለን። ሰውዬው መልእክት ይልካል፣ ፈንክሽኑ ይነሣል፣ ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ይላል፣ እኛ እናጨበጭባለን። ያንኑ መልእክት ደግሞ ሲልክ ያያችሁት አለ? እኔ አላየሁም። ሁለተኛውን የማያሳይ ዴሞ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ከፍሎ የሚያሠራው አለ፣ እኛ በነፃ ምን አስለፋን?

ለኃላፊዎችም አለኝ። ከፊት የተቀመጣችሁ፣ አዎ። ፕሮግራመሩ «ሁለቴ ቢመጣ የሚለውን ገና አልሠራሁም» ሲላችሁ፣ «እሱ በቀጣዩ ዙር ይደርሳል፣ አሁን ይውጣ» ትላላችሁ። ቀጣዩ ዙር መጥቶ ያውቃል? ደንበኛው ሁለቴ ሲቆረጥበት ግን ያው ፕሮግራመር ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። እናንተ ጠዋት ትመጡና ደብዳቤ ታረቅቃላችሁ። ይሄ ይብቃ! ፕሮግራመሮች፣ እናንተም አትፍሩ። ኮድ ሪቪው ላይ ያው መልእክት ሁለቴ ሲላክ የሚያሳይ ቴስት ከሌለ አታጽድቁ። ማንም ቢቆጣ አታጽድቁ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ የቀረውን ልሩጥበት።

ሪትራይን፣ ሲወድቅ ደግሞ መሞከርን ማለት ነው፣ እወቁት። የጉግል ፈንክሽኖች ላይ ዲፕሎይ ስታደርጉ ካላበራችሁት ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ፈንክሽኑ ሲወድቅ መልእክቱ አብሮ ይጠፋል። ላምዳ በአሲንክ፣ ጠሪው መልሱን ሳይጠብቅ፣ ሲጠራ በተቃራኒው ነው፤ ኮዳችሁ ኤረር ቢመልስ ሳትጠይቁት ሁለቴ ደግሞ ይሞክራል።

ዴድ ሌተር አብጁ። የማይክሮሶፍት የመልእክት አገልግሎት አዙር ሰርቪስ ባስ ላይ አብሮ የተሠራ ነው፤ ካልቀየራችሁት ከ10 ሙከራ በኋላ ወደዚያ ይወስደዋል። ፐብሰብ ላይ ራሳችሁ ታበጃላችሁ፤ የሙከራው ብዛት ከ5 እስከ 100 ነው። አብጅታችሁ ግን አላርም አድርጉበት። ማንም የማያየው ዴድ ሌተር ብዙ አይቻለሁ።

ዳታቤዛችሁን አስቡለት። አንድ የኤደብሊውኤስ አካውንት በአንድ ሪጅን በመደበኛው እስከ 1000 ላምዳ በአንዴ ያስነሣል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ካልቀየራችሁት የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ነው። ስሌቱን ለእናንተ ትቻለሁ። የፈንክሽኑን ብዛት ገድቡ።

ፈንክሽኑ ራሱን ወደሚቀሰቅሰው ቶፒክ መልሶ እንዳይጽፍ። ኤደብሊውኤስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አንዳንዱን እንዲህ ያለ ዙር ከ16 ጥሪ ገደማ በኋላ ያቋርጠዋል። እሱን ተማምናችሁ ግን አትጻፉ።

ፈቃድ፦ ፈንክሽኑ የሚያስፈልገውን ብቻ ስጡት። ይሄን ታውቁታላችሁ።

አስተናባሪው በቃህ እያለኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩ በግራ በኩል አለ። «ጀምሬያለሁ» ላይ ተሰናክሎ የቀረን መልእክት እንዴት እንደምታነሡ የራሳችሁ ዘዴ ያላችሁ ቅድሚያ ውሰዱ፤ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።