የቡና ቅጠል በቀመር ሲሰላ

[ምስል፦ የቡና ቅጠል ጀርባ በማይክሮስኮፕ]

የቡና ቅጠል ፊቱ ያብረቀርቃል፤ አየር ማስገቢያ ግን የለውም። ቀዳዳዎቹ ያሉት ከጀርባው ነው። ስቶማታ ይባላሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው፣ ውሃም ተንኖ የሚወጣው በእነዚሁ ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ለማግኘት በመቶዎች የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎች ያጣል። ውድ ንግድ ነው።

ሳይንቲስቶች ይህን ልውውጥ በቀመር ያሰላሉ። እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ቀመር ግሬሃም ፋርኳር፣ ሱዛን ፎን ኬመረርና ጆ ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተሙት። ትልልቆቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች ሳይቀሩ ይጠቀሙበታል። ከጀርባው ያለው ጥያቄ ግን ቀላል ነው፦ አሁን የቅጠሉን ሥራ የሚያጓትተው ማን ነው?

[ምስል፦ ሁለት መስመሮች ያሉት ግራፍ]

ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም (በሴል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ነው። ካርቦኑን የሚይዘው እሱ ነው፤ ግን ዘገምተኛ ነው፣ በሰከንድ ሦስት ያህል ሞለኪውል ቢይዝ ነው። ይባስ ብሎ አንዳንዴ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ ኦክስጅን ይይዛል። ሁለተኛው ብርሃን ነው። ብርሃን ካነሰ ሩቢስኮ የሚሠራበት ጉልበት ያጥረዋል። ሞዴሉ ካርቦኑ የሚያዝበትን ፍጥነት ለሁለቱም ለየብቻ ያሰላና ትንሹን ይወስዳል። ከዚያ ቅጠሉ ራሱ ለመተንፈስ ያወጣውን ካርቦን ይቀንሳል። አለቀ።

አላለቀም እንጂ! ሩቢስኮ የሚያገኘው በውጭው አየር ያለውን ካርቦን ሳይሆን ቅጠሉ ውስጥ የደረሰውን ነው። የሚደርሰው ደግሞ እንደ ስቶማታው ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ቦል፣ ዉድሮና ቤሪ ያወጡት ቀመር እንደሚለው፣ ፎቶሲንተሲስ (ቅጠሉ በብርሃን ጉልበት ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ምግቡን የሚሠራበት ሂደት) ሲፈጥንና አየሩ እርጥብ ሲሆን ስቶማታው ይከፈታል። አያችሁት? ፍጥነቱ በውስጡ ካርቦን ይወሰናል፣ የውስጡ ካርቦን በስቶማታው፣ ስቶማታው ደግሞ በፍጥነቱ። ከየት ይጀመራል?

ከግምት። የውጭው አየር 420 ፒፒኤም ገደማ (ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 420 ያህሉ) ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። እንደ ቡና ባሉ ተክሎች ቅጠል ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የዚህ 70 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ 290 ብለን እንነሳ። ፍጥነቱን እናሰላለን፣ ከፍጥነቱ ስቶማታውን፣ ከስቶማታው አዲስ የውስጥ ካርቦን። አዲሱን ቁጥር ይዘን እንደገና። ቁጥሩ መለዋወጥ ሲያቆም መልሱ እሱ ነው። ኮምፒውተር ይህን በቅጽበት ይጨርሰዋል።

አሁን የከፋን ጫካ ቡና እናስላ። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር ሥራውን የሚያጓትተው የብርሃን ማነስ ነው። ዛፉ ትንሽ ሲሳሳ ቡናው ያተርፋል። ዛፉ ጨርሶ ቢቆረጥስ? የቡና ቅጠል የቀትሩ ፀሐይ ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ ብርሃን ይበቃዋል። በዚያ ላይ አየሩ ይደርቃል፣ ስቶማታው ይጠባል፣ የውስጡ ካርቦን ይወርዳል። ያን ጊዜ ሥራውን የሚያጓትተው ሩቢስኮ ስለሆነ የተጨመረው ፀሐይ ከማሞቅ በቀር ፋይዳ የለውም።

[ምስል፦ የጤፍ ማሳ]

ይህን ቀመር ግን እንዳለ ወደ ጤፍ እንዳትወስዱት። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ካርቦኑን መጀመሪያ በሌላ ኢንዛይም ይዘው ሩቢስኮ ወዳለበት ሴል ይገፉታል፤ እዚያ ካርቦኑ ስለሚከማች ኦክስጅን ቦታ አያገኝም። ለእነሱ የሚሠራው ሞዴል ያንን ግፊት የሚያሰላ ተጨማሪ ቀመር አለው።