ጭቃ ውስጥ የሚከርሙ ጀልባዎች፦ ጓንግዡና መንደሮቿ

ማርታ፦ ሰላም አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ! እንደተለመደው ሄኖክ ከቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ነን። ባለፈው ስለ ቻይና አዲስ ዓመት ስናወራ “ከተማው ጭር ይላል” ብለህ ነበር። በዓል ሆኖ እንዴት ጭር ይላል ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው።

ሄኖክ፦ ጓንግዡ በአብዛኛው የምትንቀሳቀሰው ከሌላ ክፍለ ሀገር በመጣ ሰው ጉልበት ነዋ። ከሁናን ነው፣ ከሲቹዋን ነው፣ ከጓንግሺ ነው... ልብስ የሚሰፋው፣ በኤሌክትሪክ ሞተር ምግብ የሚያደርሰው፣ ጭነት የሚያስረው። የአዲስ ዓመት የጉዞ ወቅት ተብሎ የሚቆጠረው 40 ቀን ነው። ሁሉም ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፣ ጅምላ ገበያው ይዘጋል፣ እኛ ካርጎ የምንሠራውም ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። የጓንግዡን የራሷን ሰው ማየት የፈለገ በድራጎን ጀልባ በዓል ይምጣ እላለሁ።

ማርታ፦ እሱ ደግሞ መቼ ነው?

ሄኖክ፦ በእነሱ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር አምስተኛው ቀን። ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሜይ 31 ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ተጨማሪ ወር ስለገባ በ2026 ጁን 19 ነው።

ማርታ፦ ገጣሚው ወንዝ ገብቶ የሞተበት መታሰቢያ አይደል?

ሄኖክ፦ አዎ፣ ቹ ዩዋን። በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበላው ሩዝም ከእሱ ጋር ተያይዞ ይነገራል። እዚህ መንደሮች ውስጥ ግን የሰዉ ልብ ያለው ጀልባው ላይ ነው። ጀልባው ዓመቱን የት እንደሚከርም ታውቂያለሽ? ጭቃ ውስጥ!

ማርታ፦ ሆን ብለው ይቀብሩታል?

ሄኖክ፦ ሆን ብለው! እንጨቱ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመጣ፣ እጅግ ከባድ እንጨት ነው። አየር ላይ ከቆየ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጭቃው ግን አየር ስለማያስገባ ሳይበሰብስ ያቆየዋል። በዓሉ ሲቃረብ ወጣቶቹ ውሃው ውስጥ ዘለው ገብተው ጭቃውን በእጅም በአካፋም እየዛቁ ያወጡታል። ርችት ይተኮሳል፣ ከበሮ ይመታል። አጥበውት ሲያበቁ የድራጎኑን ራስ ይገጥሙለታል። ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝም አለ፣ እኮ ያንን ሁሉ በሰው ጉልበት!

ማርታ፦ ከዚያ ውድድር ነው?

ሄኖክ፦ ውድድርም አለ። እኔን የበለጠ የሚይዘኝ ግን የመንደሮቹ በጀልባ መጠያየቅ ነው። ጎረቤታችን ፎሻን ከተማ ውስጥ ያንቡ የሚባል ቦታ አለ፣ እዚህ ጓንግዡ ሊዋን ወረዳ ውስጥ ደግሞ ፓንታንግ። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በጀልባ ተፎካክረው በመጨረሻ ተዋደዱ፣ የያንቡ ጀልባ የጡት አባት፣ የፓንታንጉ የጡት ልጅ ሆኑ ይባላል። አሁንም በአምስተኛው ቀን አባትየው ልጁን ሊጠይቅ እየተቀዘፈ ይመጣል፤ በማግስቱ ልጅየው ሄዶ ይመልሳል። ከ400 ዓመት በላይ!

ማርታ፦ ግን እኮ መንደር የምትለው ዛሬ ፎቅ ሆኗል።

ሄኖክ፦ ሆኗል። ሊየደ የሚባለውን መንደር ውሰጂ፣ መሀል የንግድ ማዕከሉ ላይ ነው። የድሮው መንደር እ.ኤ.አ. በ2007 ፈረሰ፣ ነዋሪው በ2010 እዚያው በተሠሩት ፎቆች ገባ። የየጎሳው የአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ አዳራሽም እንደገና ተሠራ። ዛሬም በበዓሉ የእንግዳ መንደር ጀልባዎች በሰማይ ጠቀሶቹ ሥር ገብተው ይስተናገዳሉ፣ አብረው ይበላሉ።

ማርታ፦ እዚህ አዲስ አበባ ሰፈር ሲፈርስ ሰው የሚጨነቀው ለቤቱ ብቻ አይደለም፣ ለእድሩም ነው። እነሱን አንድ ላይ ያቆያቸው ምንድን ነው?

ሄኖክ፦ ገንዘቡን አትርሺ። መሬቱ የመንደሩ የጋራ ስለነበር፣ የመንደሩ ተወላጆች ባለድርሻ የሆኑበት የጋራ ኩባንያ አላቸው። ከሕንፃ ኪራይ ትርፍ ይከፋፈላሉ። ፍቅርና ባህል ብቻ ቢሆን ይህን ያህል የሚቆይ አይመስለኝም። ስብስቡ በሕግም በገንዘብም መቆሚያ አለው።

ማርታ፦ ሴቶቹስ?

ሄኖክ፦ በብዙ መንደር ሴት ጀልባውን መንካት እንኳ አይፈቀድላትም ነበር። አሁን የሴቶች ቡድን ያላቸው መንደሮች አሉ። በአሮጌዎቹ ጀልባዎች ላይ ግን ክልከላው ያልለቀቀበት ቦታ አለ።

ማርታ፦ እሱ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ቅድም ያልካቸው የሁናንና የሲቹዋን ሰዎችስ፣ ጀልባው ላይ ቦታ አላቸው?

ሄኖክ፦ በአብዛኛው የላቸውም። እንዲህ ባሉ መንደሮች የኖሩት ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ነው። ሲፈርስ ባለድርሻው አፓርታማ አገኘ፣ ተከራዩ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። በዓሉን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ይህን ሳልናገር ባወድሰው ግን እውነቱን እሸራርፋለሁ።

ማርታ፦ እንግዲያው ከእነሱ አንዱን እዚህ ፕሮግራም ላይ እንጋብዝ፤ አንተ ታስተረጉማለህ።

ሄኖክ፦ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ካርቶን የሚያሽግ የሁናን ልጅ አለ። ዛሬውኑ እጠይቀዋለሁ።