መሰረዝም ሥራ ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ ፕሮክሲ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ባልደረቦች፦

ዛሬ የምንነጋገረው በተጠቃሚውና ከጀርባ ባለው ሰርቨር መካከል ስለሚቆመው ፕሮክሲ ደኅንነት ነው ቢባልም፣ ጊዜዬን የምሰጠው ለአንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የቆጠራ ስሕተት ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2023 ሲቪኢ-2023-44487 የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ የሆነበትን ሰሞን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጉግል በሰከንድ 398 ሚሊዮን፣ ክላውድፍሌር 201 ሚሊዮን ጥያቄ እንደወረደባቸው ገለጹ። ክላውድፍሌር ያየው ጥቃት የተነሣው ደግሞ ከ20,000 ያህል ማሽኖች ብቻ ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ኤችቲቲፒ/2 በአንድ ግንኙነት ውስጥ ብዙ ስትሪም፣ ማለትም ለየጥያቄው የሚከፈት መስመር፣ ጎን ለጎን እንዲከፈት ይፈቅዳል። በአንድ ጊዜ የሚከፈተውን ብዛት ጣሪያ የሚወስነው ሰርቨሩ ነው፤ 100 ወይም 128 እንላለን፣ ተረጋግተንም እንተኛለን። አጥቂው ግን ጥያቄ ልኮ መልስ ሳይጠብቅ የመሰረዣ ፍሬም፣ ማለትም የፕሮቶኮሉን አጭር መልእክት፣ ያስከትላል። ፍሬሙ በጠቅላላው 13 ባይት ነው። በፕሮቶኮሉ ደንብ ያ ስትሪም በዚያው ቅጽበት ስለተዘጋ ከጣሪያው ላይ ይቀነሳል። ቀጣዩ ይላካል፣ ይሰረዛል፤ ቀጣዩ ይላካል፣ ይሰረዛል። ቆጣሪው 100 አይደርስም። ፕሮክሲው ግን ሄደሩን (የጥያቄውን መግለጫ) ፈትቷል፣ ሜሞሪ መድቧል፣ መንገዱን መርጧል፣ ከጀርባ ላለው ሰርቨር ጥያቄውን ማስተላለፍ ጀምሯል፣ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ጽፏል። አሁን ደግሞ ያንን ሁሉ ማፍረስ አለበት።

የተሰረዘ ጥያቄ ያልተሠራ ጥያቄ አይደለም! የተከፈተውን ቆጥረን የተጀመረውን ሥራ ሳንቆጥር ኖረናል። ማስጠንቀቂያ አልነበረም የሚል ካለ ደግሞ፣ በ2019 ይፋ ከሆኑት ስምንት የኤችቲቲፒ/2 ክፍተቶች አንዱ በዚሁ የመሰረዣ ፍሬም ጎርፍ ላይ ነበር። መንገዱ ይለያል፤ አራት ዓመት ሙሉ ግን ፍሬሙን በጥርጣሬ እንድናይ በቂ ነበር።

በትክክል መቁጠር እንደሚቻልም ታይቷል። ኤችኤ ፕሮክሲ የተባለው የፕሮክሲ ሶፍትዌር ስትሪሙን ከቁጥር የሚያወጣው በውስጥ የያዘው ሀብት በእርግጥ ሲለቀቅ ነው፤ ስለዚህ ጥቃቱ አልጣለውም። ሌላው የፕሮክሲ ሶፍትዌር ኤንቮይ ከሥሪት 1.27.1 ጀምሮ በአንድ ግንኙነት ላይ 500 ስትሪም ከተዘጋ በኋላ ከግማሽ በላዩ ያለጊዜው የተሰረዘ ከሆነ ግንኙነቱን ይቆርጣል። ሦስተኛው ሶፍትዌር ኤንጂንኤክስ በነባሪው ቅንብር አንድ ግንኙነት ከ1,000 ጥያቄ በላይ አያስተናግድም፤ ይህም ጉዳቱን ይገድባል። አፈጻጸም ለማፋጠን ብላችሁ ይህን ቁጥር ወደ መቶ ሺህ ያሳደጋችሁ፣ መከላከያውን ያፈረሳችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ዛሬውኑ መልሱት!

ምልክቱን ለማየት፣ በኤንጂንኤክስ ሎግ የ499 ኮድ (ጠያቂው መልስ ሳይጠብቅ ዘጋ የሚል) ድንገት ሲበዛ፣ በኤንቮይ ደግሞ የመጡ መሰረዣዎችን የሚቆጥረው መለኪያ ሲያሻቅብ ተመልከቱ። የአይፒ አድራሻን ብቻ ማገድ አይበቃም፤ ግንኙነቱ ራሱ ይቆረጥ።

በኤፕሪል 2024 የወጣው የኮንቲንዌሽን ፍሬም (ሄደርን የሚያስቀጥል ፍሬም) ጎርፍም ዘመዱ ነው፦ ሄደሩ ማለቂያ የለውም፣ ጥያቄው ስለማይጠናቀቅ ሎግ ላይ እንኳ ላይታይ ይችላል። መፍትሔው ሥሪቱን ማደስ ነው።

አመሰግናለሁ።