ሸክላው ይጫወት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ወደ ሱሉልታ በደህና መጣችሁ። የሙዚቃ ሸክላችሁን በነጠላ ጠቅልላችሁ፣ የእንጦጦን ዳገት ተሻግራችሁ፣ በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን ጥያቄ አንድ ነው፤ ብርቅ የሆነ ሸክላ ይጫወት ወይስ ይቀመጥ? የእኔን አቋም ልናገር፤ ይጫወት።

በመጫወት እንደሚጎዳ ጠፍቶኝ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ቤት መርፌው እየዘለለ ሲያስቸግር የማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ ሃያ አምስት ሳንቲም እናስቀምጥ ነበር። መዝለሉ ተወን፤ የሳንቲሟ ክብደት ግን የሸክላውን መስመር ገዝግዞ ጨረሰው። ዛሬ ብታስጀምሩት ከዘፋኙ ድምፅ በላይ የሚሰማው መንሿሿቱ ነው። አጎቴ ደግሞ ማንም እንዳይነካቸው ብሎ ሳጥን ቆልፎ ቆርቆሮው ሥር ሰቀላቸው። ሳጥኑ ከስንት ዓመት በኋላ ሲከፈት በቆርቆሮው ሙቀት ለድርቆሽ እንደተሰጣ እንጀራ ተቆልምመው አገኘናቸው። አንዱንም ማስጀመር አልተቻለም።

የሙዚቃ አሳታሚው አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ያንን ሁሉ ደፍሮ እነ ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ያሳተመው ወጣቱ እንዲሰማቸውና እንዲጨፍርባቸው ነው። በኋላ ካሴት መጣና የዚያ ዘመን ኅትመት ቆመ፤ የተረፈው በእጃችሁ ያለው ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይኸውላችሁ። የኮረኮንቻችን አቧራ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ መርፌ ሥር ከገባ ይሞርዳል። ሸክላው አስቀድሞ በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ። ያረጀ መርፌ ይጣል፤ መርፌው ሸክላው ላይ የሚጫንበት ክብደትም መርፌውን የሠራው ፋብሪካ ካዘዘው አይለፍ። ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቁሞ ይቀመጥ እንጂ አይደራረብ። አንድ ብቻ የቀረ ከሆነ በመጀመሪያው ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር ይቀዳና በየዓመቱ በዚህ ጉባኤ ብቻ ይሰማ።

አንዲት እናታችን ትናንት ማታ ትንሽ ሸክላ ይዘው መጡ። መሐሉ ላይ የሟች ባለቤታቸው ስም በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ያኔ ለሠርግና ለልደት ሲያውሱት በሌላ ሰው እንዳይለወጥባቸው ብለው የጻፉት ነው። ማጫወቻቸው ከተበላሸ ወዲህ አልሰሙትም። አጥበነዋል፤ መርፌውም አዲስ ነው። ልጆች፣ የማጫወቻውን ፍጥነት 45 ላይ አድርጉልኝ፤ ጉባኤያችንን በእሱ እንክፈት።